የአባቴ ፋይልና የእናቴ ሩዝ

እንደ ኮምፒውተር የሚዋሽ ነገር አላውቅም። ሰው እንኳ ሲዋሽ ዓይኑ ትንሽ ይሸሻል። ይሄ ግን ፊት ለፊትህ ተገትሮ «ሁለት ሰዓት ቀርቷል» ይልሃል፤ እጅህን ታጥበህ ስትመለስ «አሥራ አንድ ቀን ቀርቷል»፤ ደንግጠህ ቁጭ ስትል ደግሞ «አርባ ደቂቃ»። ቁርጡን አይነግርህም። ባለፈው ሳምንት ቢሮ ውስጥ የቆዩ ፋይሎችን ወደ አዲሱ ማከማቻ ስገለብጥ መገልበጡ የት እንደደረሰ የምታሳየው አረንጓዴ መስመር ግማሽ መንገድ ላይ ቀጥ አለችብኝ። ጠረጴዛውን በቡጢ ስለው አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ሳቀብኝ።

«እትዬ፣ ለፋይል እንዲህ ይኮናል እንዴ?»

«ዝም በል አንተ! ምን ታውቃለህ?» አልኩት።

እውነቴን ነው፣ ምን ያውቃል? እኔ በዘጠኝ ዓመቴ እናትና አባቴ በዚህች መስመር የተነሳ ሊፋቱ ነው ብዬ ትራሴን በእንባ ያራስኩ ሰው ነኝ።

የምንኖረው ሺንቹ ከተማ ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። የሺንቹ ነፋስ በረንዳ ላይ የተሰጣ ካልሲ ለጎረቤት የሚያድል ነፋስ ነው፤ መስኮቱን ሌት ተቀን ያንኳኳል። አባቴ ኬ ቦኋይ የኮምፒውተር ቺፕ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ጠጋኝ መሐንዲስ ነበር። ከመኝታ ቤታቸው ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ ግዙፍ ኮምፒውተር ነበረው፤ ሲበራ እንደ ታመመ ድመት ያጉረመርማል። የቤታችን ነገር ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ የተነሳሁት ፎቶ፣ የቤቱ ሰነድ፣ ኢንሹራንሱ፣ የአያቴ ቀብር ቪዲዮ፣ የማጠቢያ ማሽናችን መመሪያ ሳይቀር። ግን የትኛው የት እንዳለ ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። አንዱ ፎልደር «አዲስ» ይላል፤ ሌላው «አዲስ ሁለት»፤ ሌላው «የመጨረሻው»፤ ቀጥሎ «እውነተኛው የመጨረሻው»። እናቴ አንድ ፎቶ ስትፈልግ ከወጥ ቤት «ቦኋይ!» ብላ ትጣራለች፤ እሱ እያጉረመረመ ሄዶ ያወጣላታል። እንዲህ ነበር የምንኖረው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ወትሮ ከሥራ በማይመጣበት ሰዓት፣ የጫማ ካርቶን የሚያህል ጥቁር ሳጥን ታቅፎ መጣ። በወጥ ቤቱና በምግብ ጠረጴዛው መካከል ባለው መደርደሪያ ላይ፣ ከኢንተርኔቱ ዕቃ አጠገብ አስቀመጠውና ኬብል ሰካካ። ሁለት ትናንሽ ሰማያዊ መብራቶች በሩ።

«ከእንግዲህ ሁሉም ነገር እዚህ ውስጥ ነው የሚሆነው» አለ። «ያ ኮምፒውተር አርጅቷል፣ ዛሬ ነገ ማለት አይቻልም። ሁሉንም ወደዚህ እገለብጠዋለሁ። ከዚያ በቴሌቪዥንም፣ በስልክም፣ በፈለጋችሁት ትከፍታላችሁ። እኔን መጠየቅ ቀረ።»

እናቴ ጎመን እየከተፈች ነበር። ቢላዋው ቆመ።

«አንተን መጠየቅ ምን ያስከፍላል?» አለችው።

«የሚያስከፍል ነገር የለውም። ግን ሁልጊዜ ቤት ላልኖር እችላለሁ።»

እናቴ ጎመኑን ከሚገባው በላይ ደቃቅ አድርጋ ከተፈችው። ማታ ስንበላው ጎመን ይሁን ሣር አይታወቅም ነበር።

አሁን የማውቀውን ያኔ ባውቅ ኖሮ! አባቴ የዚያን ቀን የመጣው ከሆስፒታል ነው። ጉበቱ ላይ ዕጢ ተገኝቶበታል። ሐኪሙ ቶሎ ተኛ፣ በጊዜ ከተቆረጠ ትድናለህ ብሎታል፤ አልጋም ተይዞለታል። አባቴ ግን «ቤቴን ሳላስተካክል አልገባም» ብሎ ወጣ፣ ከዚያም የኮምፒውተር ዕቃ መሸጫ ገብቶ ሳጥኑን ገዛ። ለእኔ ማንም ምንም አልነገረኝም። ልጅ ነች፣ ትጨነቃለች ተባለ። ጭንቀቱንማ እኔው ራሴ ፈጠርኩት።

አባቴ ሳጥኑ ላይ አረንጓዴ የበቆሎ ብስኩት ፓኬት አስቀመጠ። መጀመሪያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የተጻፈበትን ቀን አነበበ። እኛ ዘንድ ይሄ ቀልድ አይደለም፤ የአባቴ ፋብሪካ ውስጥ አንድም ማሽን ያለ አረንጓዴ ፓኬት አያድርም፤ ባንክም፣ ሆስፒታልም፣ ባቡር ጣቢያም እንዲሁ ነው። የብስኩቱ ስም በእኛ ቋንቋ «ጨዋ ሁን» ማለት ስለሆነ ማሽኑን አደብ ያስይዛል።

«ስሚ ሚጢዬ» አለኝ ጣቱን ቀስሮ። «አረንጓዴ ብቻ። ቢጫ ከተቀመጠ ማሽኑ ይታመማል። ጊዜው ያለፈበትም አይሆንም። ደግሞ አይበላም!»

«እኔ መቼ በላሁ?»

«ዓይንሽን አየሁት እኮ» ብሎ ሳቀ።

ያቺ ለመጨረሻ ጊዜ የሳቀባት ቀን ነች። ከዚያ በኋላ ቤታችን ገሃነም ሆነ።

ከእራት በኋላ እናቴን ይጠራታል። «ሹዩን፣ ነይማ አንዴ። እዚህ ጋ ስትጫኚ ኢንሹራንሱ ይወጣል።»

«ሩዝ እያጠብኩ ነው።»

«አሁን በልተን ተነሳን እኮ! የምን ሩዝ ነው?»

«የነገ።»

«እሺ ፓስወርዱን ብቻ ያዢ። የልጅሽ የልደት ቀን ነው፣ በቃ።»

«እረሳዋለሁ።»

«የልጅሽን ልደት ትረሺዋለሽ?!»

«አዎ፣ እረሳዋለሁ! ምን ይሁን? እኔ እንደዚህ ዓይነት ነገር አይገባኝም ብዬሃለሁ። አንተ ክፈት፣ አንተ ዝጋ፣ እኔን ተወኝ!» ውሃውን እስከ መጨረሻው ትከፍተዋለች፤ ድምፁ እንዳይሰማት።

እኔ በእናቴ ነበር የምናደደው። እኔ በሁለት ቀን የለመድኩትን እሷ እንዴት ያቅታታል? ፎልደሩን መጫን፣ ከዚያ መጠበቅ፣ አለቀ። አባቴ ደክሞታል፣ ፊቱ ገርጥቷል፣ ምግብ አይበላም፤ እሷ ደግሞ ሆን ብላ ታናድደዋለች። ደንቆሮ ነች አልኩ በልቤ። ከዚያ ነገሩ ይብስ ባሰ።

አንድ እሑድ ጠዋት ሽንት ቤት ስሄድ የመኝታ ቤታቸው በር ገርበብ ብሏል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገዋል፤ ልጅ ደግሞ ጆሮውን የሚያቆመው ድምፅ ዝቅ ሲል ነው።

«ፈርሚልኝ» ይላል አባቴ።

«አልፈርምም።»

«ያላንቺ ፊርማ እኮ አይሆንም። አንድ ቀን መፈረምሽ አይቀርም።»

«መጀመሪያ ያንን ሳጥንህን ከቤቴ አውጣ፣ ከዚያ እፈርማለሁ።»

«እሱ ካላለቀ አልሄድም ብዬሻለሁ።»

ትምህርት ቤት፣ ክፍላችን ውስጥ ዩንሼንግ የሚባል ልጅ ነበር፤ ወላጆቹ ባለፈው ዓመት ተፋትተዋል። እሱ ሁሉን ነገር ተርኮልን ነበር። መጀመሪያ ፊርማ ላይ ተጨቃጨቁ፤ ከዚያ አባቱ ኮምፒውተሩን ይዞ ሄደ። እኔ ደመርኩት፣ ቀነስኩት፣ ሌላ መልስ አልነበረውም። አባቴ ዕቃውን እያከፋፈለ ነው። ለእኛ የሚተውልን በሳጥኑ ውስጥ ነው፤ ገልብጦ ሲጨርስ ይሄዳል። «ሁልጊዜ ቤት ላልኖር እችላለሁ» ያለውም ለዚህ ነው። የቀዶ ጥገና ወረቀት ያለ ቤተሰብ ፊርማ እንደማይሆን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከየት ታውቃለች?

እንግዲያውስ መገልበጡ ባያልቅ ይሻላል ብዬ ማሰብ ነበረብኝ አይደል? አላሰብኩም። የእኔ ሂሳብ ሌላ ነበር። አባቴ የሚሄደው ስለተናደደ ነው አልኩ፤ የተናደደው ፋይሉ አልገለበጥ ስላለው ነው፤ ስለዚህ ፋይሉ ቶሎ ከተገለበጠለት ደስ ይለውና ይቀራል። ይሄን ሂሳብ ይዤ ቤቱን መጠበቅ ጀመርኩ።

አባቴ ጠዋት ሥራ ሲሄድ ኮምፒውተሩን እያንጎራጎረ ትቶት ይወጣል። ሲመለስ ያልቃል ይላል። ግን አያልቅም። በመጣ ቁጥር ስክሪኑ ላይ «ግንኙነቱ ተቋርጧል» የሚል ጽሑፍ ይጠብቀዋል፤ አንዳንዱ ግማሹ ተገልብጦ ግማሹ ቀርቷል፤ የትኛው እንደቀረ አይታወቅም። አባቴ ደግሞ ግማሽ ሥራ አይወድም፤ የተገለበጠውን ሁሉ አጥፍቶ ከሀ ይጀምራል።

«ኧረ ይሄ ነገር ነፍሴን ሊያወጣው ነው!» ይጮሃል። «ኬብሉን ቀየርኩ! ሁሉን ቀየርኩ! ምን ሁን ነው የሚለኝ?» ወንበሩን በእግሩ ይገፋል፤ ከዚያ ጎኑን ይዞ ዝም ይላል። ከንዴቱ የተነሳ የሚያመው ይመስለኝ ነበር።

አንድ ረቡዕ ከትምህርት ቤት በግማሽ ቀን ለቀቁን። ገብቼ ሳይ እናቴ ለምሳ መጥታለች፤ እሷ የምትሠራው ጥርስ ሐኪም ቤት መንገዱን ተሻግሮ ነው። ጀርባዋን ሰጥታኝ መደርደሪያው ጋ ቆማለች። እጇን ዘርግታ የሳጥኑን መሰኪያ ነቀለች። ሰማያዊዎቹ መብራቶች ጠፉ። የሩዝ ማብሰያውን ከወጥ ቤት አምጥታ እዚያው ሶኬት ላይ ሰካች። ሩዝ ለማብሰል ሌላ ሶኬት ጠፍቶ ነው እንዳትሉ፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ ሦስት አለ። ከዚያ አረንጓዴውን ፓኬት አንስታ ቁምሳጥን ውስጥ ከተተችውና በቦታው ከቦርሳዋ ያወጣችውን ቢጫ ፓኬት አስቀመጠች። በመዳፏም ጫን አደረገችው።

ቢጫ! ደሜ ፈላ። ይሄ አለማወቅ አይደለም፤ ሺንቹ ተወልዶ ያደገ ሰው ቢጫና አረንጓዴ አይሳሳትም። እናቴ አባቴን ልታባርረው ነው።

ሩዙ ሲበስል ነቅላ ሳጥኑን መልሳ ሰካችውና ወደ ሥራዋ ሄደች። እሷ እንደወጣች ወንበር ላይ ቆሜ ቢጫውን አወረድኩ፣ አረንጓዴውን መለስኩ። ለአባቴ ግን አልተናገርኩም። ዩንሼንግ ቤት ነገሩ የፈነዳው እሱ ስለ እናቱ ለአባቱ አንድ ወሬ ካቀበለ በኋላ ነው ብሎኛል። ሐሙስ ስመጣ እንደገና ቢጫ ነበር። ቀየርኩት። ዓርብም ቢጫ፤ ቀየርኩት። እናቴ ማን እንደሚቀይረው አልጠየቀችም፤ እኔም ለምን አላልኳትም። እራት ላይ ፊት ለፊት ቁጭ ብለን ዓሣ እየተጎራረስን በብስኩት ጦርነት ላይ ነበርን።

ዛሬ የሚገርመኝ ግን አባቴ ነው። የቺፕ ማሽን ሲቆም ከአልጋው ጠርተው የሚወስዱት ሰው፣ ጆሮውን ማሽን ላይ ለጥፎ የትኛው ብሎን እንደላላ የሚናገር ሰው፣ የገዛ ቤቱ ውስጥ መሰኪያ መነቀሉን እንዴት አላወቀም? ሩዝ ማብሰያው መደርደሪያው ላይ የእንፋሎት ምልክት ትቶ ነበር። ፓኬቱ ከቢጫ ወደ አረንጓዴ ሲመላለስ አይታየውም? አሁን ሳስበው አውቆ ነው። ሲመጣ ይጮሃል፣ ይራገማል፣ ከዚያ በቀስታ ቁጭ ብሎ ከሀ ይጀምራል። እስካላለቀ ድረስ ሆስፒታል መግባት የለም። እሱም ፈርቶ ነበር።

ያን አዙሪት የሰበረችው ትልቋ አክስቴ ሲዮፌን ነች። የአባቴ ታላቅ እህት፤ ገበያ ውስጥ ዓሣ ትሸጣለች፤ ስታንሾካሹክ ሁለት ፎቅ ወደታች ይሰማል። ቅዳሜ ጠዋት ነፋሱ በሩን በርግዶላት ገባች። አባቴ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍቷል፤ እናቴ ሩዝ ታጥባለች፤ እኔ የሒሳብ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ።

«አንተ ሰውዬ፣ ዛሬም እዚያው ነህ?» አለች ጫማዋን ሳታወልቅ።

«ትንሽ ነው የቀረው፣ እትዬ።»

«ትንሽ ነው የቀረው! ባለፈው ቅዳሜም ትንሽ ነው የቀረው ብለኸኝ ነበር። ሐኪሙ ደውሎልኛል፣ ላንተ ሲደውል ስለማታነሳ። አልጋህን ሁለት ጊዜ ለሌላ ሰጡት። ሰኞ ካልገባህ ሌላ ሐኪም ፈልግ ብሏል። እዚያ ውስጥ ያለው ነገር አንተ ፋይል እስክትገለብጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል ብለህ ነው?» ብላ በጣቷ ሆዱን ጠቆመችው።

አባቴ ስክሪኑን በጥፊ መታው። «እኔ ምን ላድርግ? አልገለበጥ አለኝ! በየቀኑ ይቋረጣል!»

«የሚቋረጠው እኔ ስለምነቅለው ነው» አለች እናቴ።

እናቴ የሩዙን ሳህን እንደያዘች ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች፤ ውሃው በክንዷ ላይ ይወርዳል።

«አውቃለሁ» አለ አባቴ ዝግ ብሎ።

«ካወቅክ ለምን አትለኝም? ለምን ትጮህብኛለህ? ፓስወርዱን ያዢ፣ ኢንሹራንሱ እዚህ ነው፣ የቤቱ ሰነድ እዚያ ነው... የእኔም አባት እንዲህ ነበር ያደረገው! ቁልፉን አንድ በአንድ አስያዘኝ፣ ማሳው ድንበሩ የት ድረስ እንደሆነ አሳየኝ፣ ለበሽታ አይደለም እንዲያው ለማንኛውም ነው አለኝ። ሳምንት አልቆየም። አልቀበልህም፣ ሰማህ? ምንም ነገር አልቀበልህም!»

«ሳላስረክብሽ ከሄድኩስ?»

ከሄድኩስ። ስለ ሐኪሙና ስለ አልጋው የተባለው በአንድ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጥቶ ነበር፤ ይቺን ግን ሰማሁ፤ ይሄው መጣ። እርሳሱን ወርውሬ ተነሳሁና «አትሂድ! ፓኬቱን እየቀየርኩልህ ነው እኮ! አረንጓዴውን እኔ ነኝ የማስቀምጥልህ! አትፍታት!» ብዬ ጮህኩ።

ሦስቱም ዞረው አዩኝ። «ማን ነው የሚፋታው?» አለች አክስቴ። አባቴ አየት አደረገኝና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እየሳቀ መሰለኝ።

እናቴ ሳህኑን አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ተነስ ከዚያ» አለችው።

«ምን?»

«ተነስ አልኩህ። ሂድ ሻንጣህን አዘጋጅ። እኔ እገለብጠዋለሁ።»

«አይገባኝም ስትዪ አልነበር?»

«ቦኋይ፣ ቀኑን ሙሉ የስንት ሰው ጥርስ ኮምፒውተር ላይ የምመዘግብ እኔ ነኝ። ተነስ!»

ቁጭ አለች። ጣቶቿ እንዴት ነበር የሚሄዱት! እናቴን ያን ቀን ነው ያየኋት። ረጅም ኬብል ይዛ ከኮምፒውተሩ እስከ ሳጥኑ በመተላለፊያው ዘረጋች፤ ሁሉን በአንድ ጊዜ የሚውጠውን ትታ ፎልደሮቹን አንድ በአንድ፣ ስማቸውን እየጠራች ላከቻቸው። «እውነተኛው የመጨረሻው ምን ማለት ነው፣ ቦኋይ? ሰው እንዲህ ብሎ ስም ያወጣል?» አባቴ ከመኝታ ቤት ካልሲ እያጣጠፈ ይመልስላታል። ስክሪኑ አልገለብጥም ሲላት «አትገለብጥም? እንተያያለን!» ትላለች ጥርሷን ነክሳ። እሑድንም እንዲሁ ዋለች። አክስቴ ሩዝ አበሰለች፤ አሳረረችው፤ በላነው።

ሰኞ ጠዋት እናቴ ቴሌቪዥኑን ከፍታ ለአባቴ አሳየችው። የእኔ የሕፃንነት ፎቶ። የቤቱ ሰነድ። ኢንሹራንሱ። የአያቴ ቀብር።

«ሁሉም?» አላት።

«ሁሉም። አልቋል። ፓስወርዱንም ይዣለሁ። በል ተነስ።» ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ፈረመች።

ፈረመች! እኔ እዚያው ሶፋው ላይ ተደፍቼ ጮህኩ፤ አክስቴ አቅፋ ይዛኝ እነሱ ወረዱ። ሥራ ነው የሚሄደው አሉኝ። ሻንጣ ይዞ፣ እናቴ ደግፋው፣ ሥራ! ከበረንዳው ታክሲው ሲሄድ አየሁ። አክስቴን ለብዙ ቀን አኮረፍኳት።

አባቴ በዐሥራ ስድስተኛው ቀን ተመለሰ። ቀዶ ጥገናው ጥሩ ነበር፤ ሐኪሙ በጊዜ ደረስን ብሎ ነበር። እኔ ይህን የሰማሁት ግን ካደግኩ በኋላ ነው፤ ያኔ የገባኝ አባቴ እንደተመለሰ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ታርቀዋል አልኩ። ግን የተመለሰው ሌላ ሰው ነው። ልብሱ ሰፍቶታል። ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ ይቀመጣል። አክስቴ የዓሣ ሾርባ ታመጣለታለች፤ ያለ ጨው ብትሰጠው «ጥሩ ነው» ይላል። እናቴ ቴሌቪዥኑን ዝጋ ስትለው «እሺ» ይላል። ዝም ብላ ስትተወውም «እሺ»። ነፋሱ ሌሊት ሙሉ መስኮቱን ሲደበድበው አድሮ ጠዋት ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። በሩ ላይ የሚጮኸውን ማጠፊያ ዘይት አላስነካውም። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አባቴ ጨዋ ሆነ አልኩ፤ አይጣሉም አልኩ። እናቴ ግን ከስታ ነበር። ወጥ ቤት ውስጥ ለአክስቴ እንዲህ ስትል ሰማኋት፦ «እሺ ሲለኝ ያስፈራኛል፣ እትዬ። ሁሉን አስረክቦ የጨረሰ ነው የሚመስለው። ቢሰድበኝ ይሻለኛል።»

ምን ዓይነት ሰው ነች አልኩ፤ ሰላም የማትወድ።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። እናቴ ሽንኩርት ታቁላላለች። አባቴ በሪሞቱ የሳጥኑን ፎልደሮች ቴሌቪዥኑ ላይ ያለ ፍላጎት ያገላብጣል። ወደታች ወረደ፤ ወደላይ ወጣ፤ ደግሞ ወደታች። ቀና አለ።

«ሹዩን።»

«አቤት።»

«ባድሜንተኑ የታለ?»

አባቴ በየሳምንቱ ከፋብሪካው ሰዎች ጋር ባድሜንተን፣ ያንን በላባ ኳስ የሚጫወቱትን ቴኒስ መሰል ጨዋታ፣ ይጫወት ነበር። የሚጫወተውን ሁሉ በካሜራ ይቀርጸዋል፤ ያሸነፈውንም የተሸነፈውንም። በዓለም ላይ ማንም አይቶት የማያውቅ፣ ማንም የማያየው ቪዲዮ ነው፤ እናቴ አንዴ አምስት ደቂቃ አይታ እንቅልፍ ወስዷታል።

«የምን ባድሜንተን?» አለች ከወጥ ቤት።

«የምን ባድሜንተን?! የስምንት ዓመት ባድሜንተን! እዚህ የለም!»

«አልገለበጥኩትም።»

ሪሞቱ መሬት ላይ ወደቀ። «እንዴት ነው የማትገለብጪው? ሁሉም አላልሽም? አልቋል አላልሽም? ጠይቄሻለሁ እኮ፣ ሁሉም ወይ ብዬ!»

«ዋሽቼህ ነው።»

«ዋሽተሽኝ ነው?! ያ ኮምፒውተር ዛሬ ነገ ሳይል እንደሚሞት እያወቅሽ? የማጠቢያ ማሽን መመሪያ ገልብጠሽ የእኔን ጨዋታ ትተሽ? ኧረ ይቺ ሴትዮ ትገድለኛለች! ሰው እንዲህ ይሠራል?» ተነሳ። ስፌቱን በእጁ ደግፎ፣ እየተራገመ፣ ጠባቧ ክፍል ውስጥ ገባ። ኮምፒውተሩ ላይ የተሸፈነውን ጨርቅ ገፎ ወረወረው። ማጉረምረም ተጀመረ፤ የኮምፒውተሩም የእሱም። «ኬብሉ የታለ? እዚህ የነበረውን ኬብል ማን ወሰደው? ይሄ ቤት ውስጥ አንድ ነገር በቦታው አይገኝም!»

ከዓመታት በኋላ እናቴን ለምን ባድሜንተኑን እንደተወችው ጠይቄያት ነበር። «ለፎቶ አይጮህም ነበር» አለችኝ። «ለቤት ሰነድም አይጮህም። እሱን ከሶፋ የሚያስነሳው ምን እንደሆነ አላውቅም ብለሽ ነው?»

ያኔ ግን እኔ ይህን አላወቅኩም። ወጥ ቤት ሮጬ ስገባ ሽንኩርቱ እያረረ ነው፤ እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ሽርጧን አፏ ላይ ይዛ፣ እንባዋ ይወርዳል። ይሄው፣ እንደገና ተጣሉ፣ አሁንስ በቃ ይሄዳል አልኩ። ልብሷን ይዤ «እማዬ፣ ሂጂ ገልብጪለት! ቶሎ በዪ፣ ተናዷል እኮ!» አልኳት።

እናቴ እሳቱን አጠፋች። ወደ ጠባቧ ክፍል አዘንብላ ትንሽ አዳመጠች፤ አባቴ አሁን ኬብሉን የሠራውን ሰው እናት እየሰደበ ነበር።

«ተይው» አለችኝ። «ይጩህ።»